እኔ ያልረገጥሁት ደሴት

መሸንቲ አንድ ሥጋ ቤት ግድግዳ ላይ የሣልሁትን በሬ ባለቤቱ ከስቷል እያለኝ ሦስት ጊዜ አወፍሬዋለሁ። መጀመሪያ ሻኛውን ከፍ አደረግሁለት። ቀጥዬ ሆዱን ሞላሁት። በሦስተኛው ቀን አንገቱ ሥር የሚንጠለጠል ቆዳ ጨመርሁበት። ሰውየው ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ብዙ ካየው በኋላ አሁን በሬ መሰለ አለኝ። ክፍያው ግማሽ በብር፣ ግማሽ በሥጋ ነበር። ጾም ሊገባ ሁለት ቀን ብቻ ቀርቶት ስለነበር ሥጋውን ብቻዬን ልጨርሰው አልቻልሁም። ለጎረቤቶቼ አካፈልሁ፤ ከአንዷ በምላሹ የሽሮ ዱቄት መጣልኝና ጾሙን በሱ ተሻገርሁት።

እንጀራዬ እንዲህ ያለ ነው። የምኖረው ባሕር ዳር ጠርዝ ላይ፣ ዘንዘልማ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ባለች ሰርቪስ ቤት ነው። ስከራያት ከበሩ ፊት ለፊት ጤፍ ይታጨድ ነበር፤ አሁን ብሎኬትና አሸዋ ተቆልሎበታል። ሥራ ባለኝ ቀን በማለዳ ባጃጅ ይዤ መናኸሪያ እሄዳለሁ፤ ከዚያ ወደ መሸንቲ ወይም ወደ ዱርቤቴ በሚጭነው ሚኒባስ እሳፈራለሁ። ብሩሾቼን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልዬ፣ የቀለም ቆርቆሮዎቼን በማዳበሪያ ከረጢት አስሬ ከእግሬ ሥር አደርጋለሁ። መሰላል አልይዝም፤ መሰላል የሌለው ከተማ የለም። ረዳቶቹ ስለለመዱኝ ለከረጢቱ አያስከፍሉኝም፤ ቀለም እንዳይደፋ ብቻ ያስጠነቅቁኛል።

ባነር የሚያትሙ ቤቶች ከመጡ ወዲህ የሱቅ ማስታወቂያ ሥራ ከእጃችን ወጥቷል። የቀረልኝ የትምህርት ቤት ግድግዳ፣ ጠጅ ቤት፣ ሥጋ ቤትና የሟች መልክ ነው። የሟች መልክ የምለው፣ ቤተሰብ ከመታወቂያ ላይ የተላጠች ጉርድ ፎቶ አምጥቶ ትልቅ አድርገሽ ሣይልን የሚለኝን ነው። በዚህ ሥራ ላይ ዋጋ መከራከር አልችልም። የሰጡኝን እቀበላለሁ፤ ብዙ ጊዜም ካሰብሁት በላይ ይሰጡኛል።

ሴት ሆኖ በየከተማው መዞር የራሱ ወጪ አለው። ወንድ ሠዓሊ ያገኘው አልጋ ላይ ያድራል። እኔ በሩ በደንብ የሚቆለፍ፣ ባለቤቷ የማውቃት ሴት የሆነችበትን እፈልጋለሁ፤ እንዲህ ያለው ደግሞ ይወደዳል። ዱርቤቴ ላይ ከዚህ ጣጣ ያዳነችኝ አንዲት የጠጅ ቤት ባለቤት ናት። ግድግዳዋን ከሣልሁላት ጀምሮ ለሥራ ስመጣ ከእሷ ጋር አድራለሁ። አልጋዬን አታስከፍለኝም፤ በዓመት አንድ ጊዜ ግን ግድግዳዋን አድስላታለሁ።

መንገዱ በየጊዜው የሚዘጋበት ዓመት መጣ። ተከፈተ ሲባል ይዘጋል፤ ሄጄ ልመለስ ስል መመለሻ አጣለሁ። ትምህርት ቤቶቹ ግድግዳ ማሣል ተዉ፤ ሐይቁን ሊያይ የሚመጣ እንግዳም ስለቀረ ትንንሽ ሥዕሎቼን የሚገዛኝ ጠፋ። ባሕር ዳር ውስጥ የግንባታ ዕቃ የሚሸጥ ታላቅ ወንድም አለኝ። ሐምሌ ላይ ቤቴ ድረስ መጥቶ ከሱቁ ሒሳብ ተቀባይ ሆኜ እንድቀመጥ፣ በየወሩ ደመወዝ እንደሚቆርጥልኝ ነገረኝ። ሊያዋርደኝ አስቦ አልነበረም። ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ ቀለም እንደሆነ እኛም እንሸጣለን አለና ሣቀ። እኔም ሣቅሁ፤ ከሄደ በኋላ ግን ብዙ ተቀመጥሁ። እስከ ነሐሴ መጨረሻ መልስ እሰጥሃለሁ ብዬው ነበር።

በዚያው ሰሞን የኔታ አስጠሩኝ። የኔታ የምላቸው ከአባታቸው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተማሩ፣ ዕድሜያቸውን ሁሉ በየአድባራቱ ሲሥሉ የኖሩ አረጋዊ ናቸው። ቤታቸው ከሐይቁ ዳር ብዙ አይርቅም። ከዓመታት በፊት ከአንድ የግል ትምህርት ቤት የሥዕል መምህርነቴን ለቅቄ ስወጣ፣ ሸራ በጭቃ ግድግዳ ላይ እንዴት እንደሚለጠፍ ልጠይቃቸው ሄጄ አራት ዓመት ቀለም እየበጠበጥሁላቸው ቆየሁ። የጻድቅ ፊት በሁለት ዓይን፣ የኃጥእ ፊት በጎን በአንድ ዓይን እንደሚሣል ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ስደርስ ሸራ ተወጥሮ ቆሟል። እሳቸው ከፊቱ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን ወደ አንድ ጎን አዘንብለው ያዩታል። ዓይናቸውን ሞራ እንደያዘው ያን ጊዜ ነው ያወቅሁ። ደሴት ላይ ያለ አንድ ገዳም ስደቱን፣ እመቤታችን ሕፃኑን ይዛ ወደ ግብጽ የተሰደደችበትን ሥዕል፣ እንዲሥሉለት አዟቸዋል። የቀድሞው ሥዕል ጣሪያው አፍስሶ ተበላሽቷል። ለቁስቋም በዓል፣ ኅዳር ስድስት፣ መድረስ አለበት።

«ነጩ ይታየኛል፣ ልጄ» አሉኝ። «መስመሩ ነው የሚጠፋብኝ። አንቺ ሣይው፤ እኔ እነግርሻለሁ።»

ያ ደሴት ሴት የማይገባበት ነው። የሚሥለው ማን እንደሆነ ገዳሙ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። እነግራቸዋለሁ አሉኝ። ከክፍያው የሚበልጠው ለእኔ እንዲሆን ተስማማን፤ ከሦስት ወር በላይ የሚያኖረኝ ነበር። ለወንድሜ ደውዬ እስከ ቁስቋም እንዲታገሠኝ ለመንሁት።

ሥራውን እሳቸው ቤት ጀመርሁ፤ የእኔ ክፍል ሸራውን አይችለውም። የፍልሰታ ጾም ነበር። የኔታ ከቅዳሴ ሲመለሱ እጀምራለሁ፤ እሳቸው ከኋላዬ ሆነው የልብሱ እጥፋት ወዴት እንደሚወርድ፣ ዮሴፍ በትሩን በየትኛው እጁ እንደሚይዝ በቃል ይነግሩኛል። የጨረስሁትን መስመር በጣታቸው ጫፍ እየተከተሉ ይዳስሱታል፤ በማግሥቱ የጣታቸውን አሻራ አጠፋለሁ።

ያስቸገረኝ ግድግዳውን አለማየቴ ነበር። መሸንቲም ሆነ ዱርቤቴ ሥራ ስጀምር መጀመሪያ የማደርገው ግድግዳው ፊት ቆሞ ማየት ነው፤ ሰው ከየት መጥቶ እንደሚያየው፣ ፀሐይ በምን ሰዓት እንደምታርፍበት። እዚህ ያንን በሰው አፍ መጠየቅ ነበረብኝ። የገዳሙ መጋቢ፣ ረጅም ሽማግሌ መነኩሴ፣ በሳምንት አንድ ቀን ጌሾና ሎሚ ለማስሸጥ ባሕር ዳር ይመጣሉ፤ በዚያውም የኔታ ዘንድ ጎራ ይላሉ። መጀመሪያ ሲመጡ የግድግዳውን ስፋት የለኩበትን ገመድ አመጡልን። ቀለም የምትበጠብጥ ረዳት ብቻ መስዬአቸው ነበር። ጠዋት ብርሃኑ ከየት በኩል ገብቶ ግድግዳውን እንደሚነካው ጠየቅኋቸው። ብዙ አሰቡና ሠላሳ ዓመት በዚያ ግድግዳ ፊት እንደቆሙ፣ ግን ይህን ልብ እንዳላሉት ነገሩኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ገና ሳይቀመጡ መልሱን ሰጡኝ። ብርሃኑ በምሥራቁ በር ገብቶ መጀመሪያ የሚነካው የግድግዳውን ግርጌ ነው፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይወጣል። ይህን ሲነግሩኝ ደስ ብሏቸው ነበር። እኔም ደስ አለኝና ሳላስበው፣ እንግዲያው እግሮቹን በደንብ መሥራት አለብኝ አልሁ። መጋቢው ጥፍሮቼ ውስጥ የገባውን ቀለም አዩ።

«ይህን ሁሉ የምትጠይቂው ለየኔታ ነው ወይስ ለራስሽ?»

የኔታ አጠገባችን ተቀምጠዋል። እስኪመልሱ ጠበቅሁ። አልመለሱም።

«የምሥለው እኔ ነኝ፣ አባቴ» አልሁ። «የኔታ ይነግሩኛል፤ እጁ ግን የእኔ ነው።»

መጋቢው አልተቆጡም። ለአበምኔቱ ሳይነግሩ አንድም ነገር ሊሉ እንደማይችሉ ተናግረው፣ ጥላቸውን ይዘው ወጡ።

የኔታን ያን ቀን ተቀየምኋቸው። ለምን እንዳልነገሯቸው ጠየቅሁ። «እነሱን ፈርቼ አይደለም» አሉ። «የኔታ አቁመዋል የሚል ወሬ አንድ ጊዜ ከወጣ፣ ከዚያ ወዲያ ደጄን የሚረግጥ የለም።»

ብሩሾቼን አጥቤ ወጣሁ። ዘንዘልማ እስክደርስ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ስብሰለሰል መጣሁ። ልፈርድባቸው ስል ራሴን አገኘሁት። ሁለት ወር ሙሉ አንድም ሥራ ሳይኖረኝ፣ በስልክ ዋጋ ለሚጠይቀኝ ሰው ሥራ በዝቶብኛል፣ ግን እንደምንም አደርስልሃለሁ ያልሁት እኔ ነኝ። በእጁ ሥራ የሚኖር ሰው ሥራ አጣሁ ማለት አይችልም፤ ካለ ዋጋው ይወርዳል፤ ዋጋው ከወረደ የሚሄድበት የመኪና ገንዘብ እንኳ አይተርፈውም። የኔታ የዋሹት ሁላችን የምንዋሸውን ነው። እኔን ያስከፋኝ ውሸቱ የተሠራው በእኔ እጅ መሆኑ ነበር።

ሸራው ሳይነካ አሥራ አምስት ቀን ቆመ። በእነዚያ ቀናት ባጃጆች ላይ ጽሑፍ ጻፍሁ፤ ባለንብረቶቹ ጥቅሱን ራሳቸው ይመርጣሉ፤ ቦታው ካልበቃ ቃል ቀንሺ ይሉኛል። ወንድሜ አንድ ቀን ደውሎ ሌላ ሰው ልቅጠር ወይ አለኝ። ትንሽ ጠብቀኝ አልሁት።

መጋቢው በአሥራ አምስተኛው ቀን መጡ። አበምኔቱ ጉዳዩን ለማኅበሩ አቅርበውት ነበር፤ ከመነኮሳቱ አንዳንዶቹ ሥዕሉ ይቅርብን ብለው ነበር። አበምኔቱ ሁሉንም አዳምጠው ሲያበቁ የመቅደሱን መጋረጃ አሳዩአቸው። ያ መጋረጃ የተፈተለው በሴት እጅ ነው፤ እስከ ዛሬ ማንም ይመለስ ያለ የለም አሉ። ከዚያ ወዲያ ክርክር አልነበረም። ለእኔ የላኩት ጥያቄ ሁለት ብቻ ነበር፤ ትጾማለች ወይ፣ ለበዓሉ ታደርሳለች ወይ። ሁለቱንም አዎ አልሁ። መጋቢው ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው የኔታን፣ «ማስተማርዎ መልካም ነው» አሏቸው። የኔታ ያን ቀን ምሳቸውን ከሌላው ጊዜ አብዝተው በሉ።

ወርኃ ጽጌ ሲገባ የቀረኝ ሰሎሜ ነበረች፤ ስደቱ ላይ ጓዙን ተሸክማ እመቤታችንን የምትከተለው ሴት። የኔታ ስለ እሷ ብዙ አልነገሩኝም። ጓዝ ይዛ ከኋላ ትሄዳለች፣ በቃ አሉ። እኔ ግን ይህችን ሴት አውቃታለሁ። በገበያ ቀን ዱርቤቴ መናኸሪያ ስወርድ አያታለሁ፤ የሸጠችውን ሸጣ ያልተሸጠውን አዝላ፣ አንድ ትከሻዋ ዝቅ ብሎ፣ እግሯን አቧራ ለብሶት፣ ሚኒባሱ ሞልቷል ብትባል ሌላውን ለመጠበቅ የቆመች። እንደዚያ አድርጌ ሣልኋት። እግሯ ከሥዕሉ ግርጌ፣ ብርሃኑ መጀመሪያ ከሚነካው ቦታ ላይ ነው። የኔታ በጣታቸው ሲዳስሷት ትከሻዋ ለምን እንዳዘነበለ ጠየቁኝ። ደክሟታል አልኋቸው። እሺ አሉ።

ቁስቋም ሊደርስ ስድስት ቀን ሲቀረው ሸራውን ጠቅልለን በላስቲክ አሰርነውና በሞተር ጀልባ ወሰድነው። የኔታ ከጀልባው መውጣትና መውረድ ስለማይችሉ ቀሩ። እኔ የሄድሁት ሊያስፈልግ ይችላል ብዬ ብሩሾቼን፣ ቀለሜንና የተረፈውን ሸራ ይዤ ነው። ደሴቱ ጋ ስንደርስ ሁለት ወጣት መነኮሳት ሸራውን በትከሻቸው ተቀብለው ደረጃውን ወጡ። እኔ ጀልባው ውስጥ ቀረሁ። ከታች የሚታየኝ ዛፍና የድንጋይ ደረጃ ብቻ ነው። ባለ ጀልባው ለፀሐዩ ጃንጥላውን አዋሰኝና ወደ ገዳሙ ወጣ።

እንዲህ ቁጭ ብሎ መጠበቅን በሥራዬ ለምጄዋለሁ። ባለቤቱ ከገበያ እስኪመለስ፣ ልስኑ እስኪደርቅ፣ መንገዱ እስኪከፈት ብዙ ጠብቄያለሁ። ያን ቀን ግን ከባድ ሆነብኝ። ሦስት ወር ከእጄ ያልወጣ ነገር ከጥቂት እርምጃ በላይ እየተለጠፈ፣ ቀና ብሎ እንደሆነ አጋድሎ የማላውቅ መሆኔ ከበደኝ። ተቆጥቼ ነበር ብል ትክክል አይሆንም፤ ሕጉን ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነው። ቢሆንም ዓይኔን ከደረጃው ላይ አላነሣሁም።

እኩለ ቀን ላይ መጋቢው እየተጣደፉ ወረዱ። ሸራው ከላይ በኩል በአንድ ጎኑ አንድ ጋት ጎድሏል። ገመዱ የለካው የግድግዳውን ግርጌ ነበር፤ ግድግዳው ግን ወደ ላይ እየሰፋ ይሄዳል። ክፍተቱን በገመድ ለክተው እንዲያመጡልኝ ነገርኋቸው። ከተረፈው ሸራ ረጅም ቅዳጅ ቆረጥሁና ጀልባው መቀመጫ ላይ ዘርግቼ ሐረግ ልሥልበት ጀመርሁ። ከመጋቢው ጋር የተመለሰው ባለ ጀልባ አንዱን ጫፍ ይዞልኝ ነበር። ሌላ ጀልባ ባለፈ ቁጥር ማዕበሉ ያናውጠናል፤ እጄን አነሣለሁ፣ ውኃው እስኪረጋ እጠብቃለሁ፣ እቀጥላለሁ። ባለ ጀልባው ሥዕል እንዲህ አድካሚ መሆኑን አላውቅም ነበር አለኝ፤ ወገቡን ይዞ። ቀለሙ በፀሐዩ ወዲያው ደረቀ። መጋቢው ቅዳጁን በሁለት እጃቸው እንደ ሕፃን ታቅፈው ወጡ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በመቋሚያ የሚራመዱ አንድ በጣም ያረጁ መነኩሴ ደረጃውን ቀስ እያሉ ወረዱ። አበምኔቱ ናቸው። የመጨረሻው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔ ጀልባው ላይ ቆሜ ለጥ ብዬ እጅ ነሣሁ፤ ከተቀመጡበት ሆነው በመስቀላቸው ባረኩኝ።

«ልክ ሆኗል» አሉኝ። «የጨመርሽው ሐረግ ከመጀመሪያውም የነበረ ይመስላል።»

ከዚያ ያዩትን ይነግሩኝ ጀመር። የእመቤታችን ሰማያዊ ልብስ ከሩቅ እንደሚታይ፣ የዮሴፍ በትር ከዓምዱ ትይዩ እንደዋለ፣ ከላይ ያለው መስኮት ሰማዩ ላይ ብርሃን እንደሚጥልበት። እያንዳንዱን በየቦታው ነገሩኝ፤ ለማያይ ሰው እንደሚነገር። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኋቸው። ሲጨርሱ ጠየቁኝ።

«ሰሎሜን የት አየሻት?»

«ዱርቤቴ መናኸሪያ፣ አባቴ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እናቴ ከገበያ ስትመለስ ትከሻዋ እንዲሁ ነበር» አሉ። «ከቤት ከወጣሁ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ ረስቼው ነበር።»

መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡና ደረጃውን ወጡ። ባለ ጀልባው ሞተሩን ሳያስነሣ፣ ከዓይናችን እስኪሰወሩ ድረስ ጠበቀ። ስንመለስ ሐይቁ ላይ ብዙ አለቀስሁ። ባለ ጀልባው ምክንያቱን አልጠየቀኝም።

ገዳሙ የቀረውን ክፍያ በብር ከፈለ፤ በላዩ ላይ ሁለት ኩንታል ጌሾና አንድ ከረጢት ሎሚ ጨመረበት። መንገዱ ሲከፈት ጌሾውን ዱርቤቴ ወስጄ ለጠጅ ቤቷ ባለቤት ሸጥሁላት። አልጋ በነጻ የምትሰጠኝ ሴት በጌሾ ዋጋ ላይ ለአንድ ሰዓት ተከራከረችኝ። ከየኔታ ጋር ተካፍለን የእኔ ድርሻ የስድስት ወር የቤት ኪራይ ሆነኝ፤ ከዚያም ተርፎ ጥሩ ብሩሽ ገዛሁ።

ወንድሜን ሱቁ ድረስ ሄጄ አነጋገርሁት። ክረምት ላይ ግድግዳ አይደርቅም፤ መንገዱም ጭቃ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም አንተ ዘንድ ልቀመጥ፣ በጋውን ልሂድ አልሁት። እንዲህ ያለ ቅጥር አይቼ አላውቅም አለ፤ ግን ተስማማ። አሁን ሁለት ክረምት ከሒሳብ መቀበያው ኋላ አሳልፌያለሁ። ጠልቼዋለሁ ብል ውሸት ነው። ወር ሲሞላ የሚመጣ ገንዘብ ለሰው እንቅልፍ እንደሚሰጥ ያወቅሁት እዚያ ነው።

በነጻ የሚያክሙ ሐኪሞች መጥተው ከየኔታ አንድ ዓይን ላይ ሞራውን አወጡላቸው። እንዳገገሙ ወዲያው ወደ ደሴቱ ካልወሰዳችሁኝ አሉ፤ ባለ ጀልባው ደግፎ ወሰዳቸው። ሲመለሱ ሐይቁ ዳር ቆሜ ጠበቅኋቸው። ምን ይሉኝ ይሆን እያልሁ አስብ ነበር። እጄን ይዘው ወረዱና የሕፃኑ ቀኝ እጅ ትንሽ ተልቋል አሉኝ። ቤታቸው እስክንደርስ ስለዚያ እጅ ብቻ አወራን።

ከዚያ ወዲህ ሥራ መጥቶልኛል፤ ሴት መሆኔን ሰምተው ሐሳባቸውን የቀየሩም አሉ። መሸንቲ አቅራቢያ ያለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ግን ባለፈው በጋ ሥዕል አሣለኝ። እዚያ የምእመናኑ መቆሚያ ግድግዳ ላይ ስለነበር ሸራውን በእጄ ለጠፍሁት፤ ቀና ማለቱንም ራቅ ብዬ አየሁ። በማግሥቱ እሑድ ቅዳሴ ቆሜ ነበር። አንዲት ሴት ሥዕሉ ፊት ቆማ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አድርጋ ስትጸልይ አየኋት። የሣልሁት እኔ መሆኔን አታውቅም። ከዚያ በላይ ላያት አልደፈርሁም፤ የሰው ደብዳቤ እንደማንበብ ሆነብኝ። ነጠላዬን አስተካክዬ ወደ ሴቶቹ መቆሚያ ኋላ ሄድሁና ቅዳሴው እስኪያልቅ እዚያ ቆምሁ።